ከጣሪያ እስከ ብርጭቆ፦ የዝናብ ውሃን ለቤት አገልግሎት ማጣራት

ዝናብ ሊጥል ሲል ነጭ ባልዲ ከአሸንዳው ሥር አስቀምጡ። ሲሞላ አንሱትና ሌላ ተኩ፤ ሩብ ሰዓት ያህል ከዘነበ በኋላ ደግሞ ሦስተኛውን። ሦስቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩአቸው። የመጀመሪያው ቡናማ ነው፤ አቧራ፣ የቅጠል ስብርባሪ፣ የወፍ ኩስና የሞቱ ትናንሽ ነፍሳት ተንሳፍፈውበታል። በሦስተኛው ውስጥ የባልዲው ወለል ጥርት ብሎ ይታያል። ሦስቱም የወረዱት ከአንድ ደመና ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ጣሪያው ነው።

ስለ ዝናብ ውሃ ሲነሳ አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው ስለ ማጣሪያው ነው፤ አሸዋው ስንት ይሁን፣ ከሰል ይግባበት ወይስ አይግባበት። ማጣሪያው ግን የሥራው የመጨረሻ ሲሶ ነው። ጣሪያና አሸንዳ ላይ ያልተያዘ ቆሻሻ ታንከር ይገባል፣ እዚያው ይበሰብሳል፣ የበሰበሰውን ደግሞ የትኛውም የቤት ማጣሪያ ለረጅም ጊዜ አይችለውም። ስለዚህ ውሃው የሚሄድበትን መንገድ ተከትለን ከላይ ወደ ታች እንውረድ።

ውሃው ለምን እንደሚውል ወስኑ

ለአትክልት፣ ለወለል፣ ለሽንት ቤትና ለልብስ የሚሆን ውሃ ቅጠሉና ደለሉ ከወጣለት ይበቃል። ለመጠጥ፣ ለማብሰያ፣ ለጥርስ መፋቂያና ዕቃ ለማለቅለቂያ የሚውለው ግን ሙሉውን ሂደት ማለፍ አለበት። ይሄኛው ለአንድ ሰው በቀን ከ5 እስከ 7 ሊትር ቢሆን ነው፤ አምስት ሰው ላለበት ቤት ከ25 እስከ 35 ሊትር። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው ታንከሩን በሙሉ ለመጠጥ አደርሳለሁ ብሎ ሲነሳ ነው። የዕለቱን ብቻ አጣሩ።

ጣሪያና አሸንዳ

በ1 ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው። 40 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲያገኝ 400 ሊትር ይወርድበታል፤ የሚረጨውና የሚተነው ሲቀነስ 320 ሊትር ገደማ ይሰበሰባል። ስፋቱን የምትለኩት ጣሪያው መሬት ላይ በሚሸፍነው ቦታ ነው እንጂ በተዳፋቱ ርዝመት አይደለም።

ቆርቆሮና ሸክላ ጥሩ ናቸው። ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት ያለበት አሮጌ ቀለም የተቀባ፣ ሬንጅ የፈሰሰበት፣ አስቤስቶስ ያለበት ወይም ሣር የተከደነ ጣሪያ ላይ የወረደን ውሃ ግን ለመጠጥ አታስቡት። ሊድ በአሸዋም በማፍላትም አይወጣም፤ እንዲያውም ሲፈላ ከፊሉ ውሃ ተንኖ ስለሚሄድ በቀረው ውስጥ መጠኑ ከፍ ይላል። በዚህ ላይ የዝናብ ውሃ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያሟሟ በመጠኑ አሲዳማ ነው፤ የአሲድነት መለኪያው ፒኤች 5.6 አካባቢ ይሆናል። እንዲህ ያለ ውሃ ብረት ይበላል። በሊድ የተበየደ መገጣጠሚያ ካለ በፕላስቲክ ቀይሩት።

ጣሪያው ላይ የሚያንዣብብ የዛፍ ቅርንጫፍ ካለ ቁረጡ። ቅጠሉን ስለሚያራግፍ ብቻ አይደለም፤ ወፎች የሚያርፉበትና አይጦች የሚሸጋገሩበት ድልድይ ስለሆነም ነው። አሸንዳው በየ1 ሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ መውረጃው ያዘንብል። መዘንበሉን ለማወቅ ከሩቅ ጫፍ አንድ ጣሳ ውሃ አፍስሱበት፤ አንድም ቦታ ሳይቆም ከሄደ ትክክል ነው። የቆመ ውሃ የትንኝ ማራቢያ ይሆናል። መውረጃው አፍ ላይ የወንፊት ሽቦ አኑሩ፤ ሽቦውን ዘንበል አድርጋችሁ ብታስሩት ቅጠሉ ተንሸራቶ ይወድቃል፣ አግድም ካደረጋችሁት ግን ይከመርበታል።

የመጀመሪያውን ውሃ ማስወገድ

ከሁሉም ደረጃ በትንሽ ድካም ብዙ ጥቅም የሚሰጠው ይሄ ነው፤ ብዙዎች የሚዘሉትም ይሄንኑ ነው። ለያንዳንዱ ካሬ ሜትር ጣሪያ ከግማሽ እስከ 1 ሊትር የመጀመሪያ ውሃ መጣል አለበት። ከረጅም ደረቅ ጊዜ በኋላ ለሚመጣው የመጀመሪያ ዝናብ እጥፍ ብታደርጉት ይመረጣል። በተለመደው ጊዜ ለ40 ካሬ ሜትር ጣሪያ ከ20 እስከ 40 ሊትር ማለት ነው።

በጣም ቀላሉ ዘዴ መውረጃ ቱቦውን በእጅ ከታንከሩ አዙሮ ማቆየትና ውሃው ሲጠራ መመለስ ነው። ይሠራል፤ ነገር ግን ዝናብ ሌሊት ይመጣል፣ ሰው በሌለበትም ይመጣል። ራሱን በራሱ የሚሠራውን እንዲህ ትሠሩታላችሁ። መውረጃው ታንከር ከመድረሱ በፊት የቲ ቅርጽ ያለው መገጣጠሚያ ግጠሙ። ከቲው ወደ ታች 110 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የፒቪሲ ቱቦ አውርዱ፤ የዚህ ቱቦ አንድ ሜትር 8 ሊትር ተኩል ያህል ስለሚይዝ 3 ሜትር ብታደርጉት 25 ሊትር ይሆናል። የታችኛውን ጫፍ ጥርስ ባለው ክዳን ዝጉ። በቱቦው ውስጥ የሚንሳፈፍ የፕላስቲክ ኳስ አስገቡና ከቲው ሥር ከኳሱ ጠበብ ያለ ቀለበት አኑሩ። ቆሻሻው ውሃ ቱቦውን እየሞላ ሲሄድ ኳሱ አብሮ ይነሳና ቀለበቱን ይደፍናል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ውሃ መንገዱ ስለተዘጋ ወደ ታንከሩ ያልፋል።

ቱቦው ለሚቀጥለው ዝናብ ባዶ መሆን ስላለበት የታችኛው ክዳን ላይ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብሱ፤ በጠብታ እየወጣ ያልቃል። ይህች ቀዳዳ ትደፈናለች። እኔ ቤት አንዲት የረጠበች ቅጠል ተለጥፋባት ቱቦው ለሳምንታት ሙሉ ሆኖ ቆይቶ ነበር፤ በዚያ ጊዜ የዘነበው ሁሉ ከነቆሻሻው ታንከር ገብቶ ኖሮ የደረስኩበት ውሃው መሽተት ሲጀምር ነው። ከዚያ ወዲህ ከቀዳዳዋ በላይ፣ ቱቦው ውስጥ፣ ቁራጭ ወንፊት አለ፤ ከዝናብ በኋላም ጠብታው መውረዱን ሳላይ አልተኛም።

ታንከሩ

ታንከር ራሱ ማጣሪያ ነው፤ ካልረበሹት። ደለሉ በራሱ ክብደት ይዘቅጣል፣ አብዛኞቹ ጀርሞችም በጨለማና ምግብ በሌለበት ውሃ ውስጥ ቀን በቀን ይቀንሳሉ። ለዚህ ጥቂት ነገሮች ያስፈልጉታል። ብርሃን አያስገባ፤ ብርሃን ካለ አልጌ ይበቅላል። ክዳኑ የሚገጥም ይሁን። መግቢያው፣ መተንፈሻውና ትርፉ የሚወጣበት ቱቦ ሁሉ ቀዳዳው ከ1 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ መረብ ይሸፈኑ፤ ትንኝ ከእንቁላል እስከ ክንፍ ለመድረስ ከሳምንት ብዙም አይፈጅባትም።

መግቢያ ቱቦው እስከ ታንከሩ ሥር ይውረድና ጫፉ ወደ ላይ ይታጠፍ። እንዲህ ሲሆን አዲሱ ውሃ ዝቃጩን ሳይቀሰቅስ በዝግታ ይገባል። መውጫው ከወለሉ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ከዚህም የተሻለ የምትፈልጉ ከሆነ፣ የሚተጣጠፍ ቱቦ ጫፍ ላይ ተንሳፋፊ ነገር አስራችሁ ውሃውን ከላይኛው ገጽ 10 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ እንዲቀዳ አድርጉ፤ የታንከሩ ንጹሑ ውሃ ያለው እዚያ ነው።

በዓመት አንዴ፣ ውሃው ሊያልቅ ሲል፣ ዝቃጩን አውጡና ግድግዳውን እጠቡ። ትልቅ ታንከር ውስጥ ብቻውን ማንም አይግባ፤ አየሩ ሊያጥር ይችላል፣ በተለይ ክሎሪን ከተጨመረበት። ውጪ የሚጠብቅ ሰው ይኑር።

የአሸዋ ማጣሪያው

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ በቤት ውስጥ በእጅ ከሚሠሩ ማጣሪያዎች ሁሉ የማምነው ይህን ስለሆነ። በ1892 እ.ኤ.አ. በጀርመን ሃምቡርግ ከተማ ኮሌራ ከ8,000 በላይ ሰው ሲገድል፣ ድንበርተኛዋ አልቶና በጣም ጥቂት ሰው ነው የሞተባት። ሁለቱም የሚጠጡት ከኤልቤ ወንዝ ነበር፤ አልቶና እንዲያውም የምትቀዳው ከሃምቡርግ በታች፣ የከተማዋ ፍሳሽ ከገባበት በኋላ ነው። አልቶናን ያተረፋት ውሃውን በአሸዋ ቀስ አድርጋ ማጣራቷ ነው። ይህንኑ አሠራር በ1990ዎቹ ካናዳዊው ዴቪድ ማንዝ በቤት መጠን አሳንሶ፣ ውሃ ያለማቋረጥ ሳይፈስበት እንዲሠራ አደረገው፤ ባዮሳንድ የሚባለው ማጣሪያ ይሄ ነው።

አሸዋው ቆሻሻን የሚይዘው በጥበቱ ብቻ አይደለም። ጥቅም ላይ ሲውል በላይኛው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ላይ ሕያው ሽፋን ይፈጠራል፤ እዚያ የሚኖሩ ጥቃቅን ፍጥረታት የሚመጡትን ጀርሞች ይበላሉ። ሽፋኑ እንዲኖር እርጥበትና አየር ያስፈልገዋል። ከዚህ በታች ያሉት ልኮች ሁሉ የሚጠብቁት ይህን ሽፋን ነው።

የምትፈልጉት ቁመቱ 90 ሴንቲ ሜትር፣ የውስጥ ስፋቱ 28 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ለምግብ የሚሆን የፕላስቲክ ዕቃ ነው። ኬሚካል የነበረበት በርሜል አይሆንም፤ ምንም ቢታጠብ።

መጀመሪያ መውጫ ቱቦውን ግጠሙ። አፉ ከዕቃው ወለል ይጀምራል፣ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጎን ላይ ወጥቶ ወደ ታች ይታጠፋል። የመውጫው ከፍታ ከአሸዋው ገጽ 5 ሴንቲ ሜትር በላይ መሆን አለበት፤ ውሃ ማፍሰስ ስታቆሙ አሸዋው ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ውሃ እንዲቀር የሚያደርገው ይሄ ነው። ውሃው ከዚያ ከጠለቀ አየር ወደ ሽፋኑ አይደርስም፤ ከጎደለ ሽፋኑ ይደርቃል። መውጫው ላይ ቧንቧ ወይም ረጅም ጎማ አትቀጥሉ። ጎማ እንደ ሲፎን ስቦ ውሃውን ከአሸዋው በታች ያወርደዋል። ከመሙላታችሁ በፊት ውሃ አድርጉበትና እንደማያፈስ አረጋግጡ።

አሸዋው ከተፈጨ ድንጋይ ቢሆን ይመረጣል፤ የወንዝ አሸዋ ብዙ ጊዜ በጀርምና በአፈር የተበከለ ነው። በደንብ አድርቃችሁ በሦስት ወንፊት ንፉት፦ 12፣ 6 እና 0.7 ሚሊ ሜትር። በ12ቱ አልፎ በ6ቱ ላይ የቀረው የታችኛው ጠጠር ነው። በ6ቱ አልፎ በ0.7ቱ ላይ የቀረው መለያ ጠጠር ነው። በ0.7ቱ ያለፈው ደግሞ ማጣሪያ አሸዋው ነው። ሁለቱን ጠጠሮች ውሃው ጥርት እስኪል እጠቡ።

አሸዋውን ግን እንደዚያ አታድርጉት። ይህን የተማርኩት ሁለት ቀን ሙሉ አጥቤ፣ የማጠቢያው ውሃ እንደ ብርጭቆ እስኪጠራ ታግዬ ነው። ማጣሪያውን ስሞክረው አንድ ሊትር ውሃ በ50 ሰከንድ ወጣ። ከደለሉ ጋር ደቃቁን አሸዋ ሁሉ አጥቤ ጥዬው ነበር፤ እንደገና ከመጀመር ሌላ መፍትሔ አልነበረውም። ልኩን የሚነግራችሁ ማሰሮ ሳይሆን ግልጽ ጠርሙስ ነው፦ የታጠበ አሸዋ ጨምሩበት፣ እኩል ውሃ አድርጉበት፣ ክዳኑን ዝጉና አዙሩት። ካስቀመጣችሁት ከ3 ወይም 4 ሰከንድ በኋላ የአሸዋው ገጽ ደፍረስረስ ባለ ውሃ ውስጥ ብዥ ብሎ ከታየ በቂ ነው። ጭራሽ ካልታየ ጨምራችሁ እጠቡ፤ ጥርት ብሎ ከታየ አልፋችሁታል።

አሞላሉ ከታች ወደ ላይ ነው። ታችኛው ጠጠር 5 ሴንቲ ሜትር፣ መለያ ጠጠር 5 ሴንቲ ሜትር፣ ከዚያ አሸዋ 55 ሴንቲ ሜትር። አሸዋ በምትጨምሩበት ጊዜ ሁልጊዜ ዕቃው ውስጥ ውሃ ይኑር፤ አሸዋው ወደ ውሃ ሲወድቅ አየር አይታሰርበትም። ከላይ፣ አሸዋውን ሳይነካ፣ በየ2 ሴንቲ ሜትር ተኩሉ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ የተበሳ ሰሃን አኑሩ። የምትጨምሩት ውሃ እዚያ ላይ ያርፍና እንደ ጠብታ ይወርዳል እንጂ ሽፋኑን አይቆፍረውም። ክዳን አድርጉለት።

አሁን ፍጥነቱን ለኩ። እስከ አፉ ሙሉና አንድ ሊትር ለመሙላት የሚፈጅበትን ጊዜ ቁጠሩ፦ ለዚህ ስፋት ከ2 ደቂቃ ተኩል ማነስ የለበትም። ከዚህ ከፈጠነ ማጣሪያው አያጣራም። በጣም ከዘገየ፣ ማለትም 10 ደቂቃ ከፈጀ፣ አሸዋው በቂ አልታጠበም።

ሕያው ሽፋኑ እስኪበስል እስከ 30 ቀን ይወስዳል። በነዚህ ቀናት በየዕለቱ ውሃ ጨምሩበት፣ የሚወጣውን ግን በተለይ ሳታፈሉት ወይም ክሎሪን ሳታደርጉበት አትጠጡ። ከዚያም በኋላ በሁለት ሙሊት መካከል ቢያንስ 1 ሰዓት ቢበዛ 48 ሰዓት አቆዩት። አንድ ሙሊት 12 ሊትር ያህል ስለሆነ በቀን ሦስት ጊዜ ብትሞሉ ለአምስት ሰው ይበቃል። ክሎሪን የነካው ውሃ ወደ ማጣሪያው አይግባ፤ ሽፋኑን ይገድለዋል። ውሃ ከአንድ ዓይነት ምንጭ ቢሆን ይመረጣል፤ አንድ ቀን የታንከር፣ አንድ ቀን የወንዝ እየተደረገ ሽፋኑ አይጸናም።

ስለ ከሰል

ጠርሙስ ቆርጦ ጠጠር፣ አሸዋና ከሰል ደርድሮ የሚወጣውን የጠራ ውሃ ወዲያው መጠጣት በብዙ ቦታ ሲታይ ያሳስበኛል። ውሃው ይጠራል፤ ጀርሙ ግን አለ። ከምድጃ የወጣ ተራ ከሰል ሽታና ቀለም በመጠኑ ይቀንስ ይሆናል፤ በልዩ ሙቀት ከተሠራው አክቲቭ ካርቦን ጋር ግን አይስተካከልም፣ ጀርምም አይገድልም። ካርቦን መጠቀም ከፈለጋችሁ ቦታው ከአሸዋው በኋላ፣ ከክሎሪኑ በፊት ነው፤ ከክሎሪኑ በኋላ ከሆነ ክሎሪኑን ራሱን ያወጣዋል። በጊዜው ያልተቀየረ ካርቦን ደግሞ የባክቴሪያ መኖሪያ ይሆናል።

ጀርሙን መግደል

የበሰለ የአሸዋ ማጣሪያ ከባክቴሪያው ከ90 በመቶ በላይ ይይዛል፤ ቫይረስ ላይ ደከም ይላል። ለዚህ ነው ይህ ደረጃ የማይዘለለው፤ በተለይ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር ወይም ሕመምተኛ ባለበት ቤት።

ክሎሪን፦ ሽቶም ሌላ ሳሙናም ያልተጨመረበት በረኪና ውሰዱና ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መጠን አንብቡ። 5 በመቶ ከሆነ ለጠራ 20 ሊትር ውሃ 1 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ መርፌ የሌለው ስሪንጅ በትክክል ይለካላችኋል። አማስሉና 30 ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ ስታሸቱት ቀለል ያለ የክሎሪን ሽታ ሊኖረው ይገባል። ከሌለው ያንኑ መጠን አንድ ጊዜ ደግማችሁ ሌላ 30 ደቂቃ ቆዩ፤ አሁንም ካልሸተተ ወይ ውሃው ገና ቆሻሻ አለው፣ ወይ በረኪናው አርጅቶ ኃይሉ ጠፍቷል። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ወይም ከአሲድ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። የክሎሪን ትልቁ ጥቅም ውሃው ውስጥ ቀርቶ በኋላ የሚገባውንም መጠበቁ ነው። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለውን ጥገኛ ተሕዋስ ግን አይገድልም፤ እሱን የሚይዘው አሸዋው ወይም እሳቱ ነው።

ማፍላት፦ ውሃው ተንተክትኮ ከፈላ በኋላ 1 ደቂቃ፤ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ለሚኖር 3 ደቂቃ። በሽታ የሚያመጡትን ጀርሞች ይገድላል፣ ነገር ግን ከቀዘቀዘ በኋላ የሚጠብቀው የለም።

ፀሐይ፦ 2 ሊትርና ከዚያ በታች የሚይዝ ግልጽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ በጠራ ፀሐይ 6 ሰዓት፣ ደመና ካለ ሁለት ተከታታይ ቀን ማጋደም። ውሃው ለዚህ መጥራቱን ለማወቅ ጠርሙሱን ጋዜጣ ላይ አቁሙና ከላይ ወደ ታች እዩ፤ የርዕሱ ፊደል ካልተነበበ አይሆንም። ዝናብ በሚዘንብበት ሰሞን ግን ፀሐይ ላይ መተማመን አይቻልም፤ ለዝናብ ውሃ ሁለተኛ ምርጫ የማደርገው ለዚህ ነው።

ማስቀመጥና መከታተል

የታከመ ውሃ አፉ ጠባብ፣ ክዳንና ቧንቧ ያለው ዕቃ ውስጥ ይቀመጥ። ጣሳ እየጠለቁ መቅዳት የአንድ ወር ድካም በአንድ ቀን ያበላሻል፤ እጅ ከውሃው ጋር መገናኘት የለበትም። ጥሬውን የምታመላልሱበት ጀሪካንና የተጣራውን የምትቀበሉበት ጀሪካን ቀለማቸው የተለያየ ይሁን፣ ልጆችም እንዲለዩአቸው።

ቢያንስ በዓመት አንዴ፣ በዝናቡ ወራት፣ ውሃውን ላቦራቶሪ አስመርምሩ። ለመጠጥ ውሃ የሚፈለገው በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ አንድም እንዳይገኝ ነው። ከተገኘ ማጣሪያውን ከመውቀሳችሁ በፊት ናሙናው የተቀዳበትን ዕቃ፣ ከዚያ ቧንቧውን፣ ከዚያ ጣሪያውን መርምሩ።

ማጣሪያው ከወራት በኋላ መዝገሙ አይቀርም። ያን ጊዜ አሸዋውን አታውጡ። ሰሃኑን አንሱ፣ ውሃ ጨምሩ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ በመዳፋችሁ የላይኛውን 1 ሴንቲ ሜትር አሸዋ ብቻ ቀስ አድርጋችሁ አሽከርክሩ። የደፈረሰውን ውሃ በጣሳ ቅዱና ድፉት። ፍጥነቱ እስኪመለስ ሁለትና ሦስት ጊዜ ድገሙት፣ ከዚያ ገጹን አስተካክሉ። ሽፋኑ እንደገና እስኪያገግም ጥቂት ቀናት ስለሚወስድበት በተለይ በነዚያ ቀናት የሚወጣውን ውሃ ክሎሪን ሳታደርጉበት ወይም ሳታፈሉት ማንም እንዳይጠጣው።